ባለ እርግብ እግር ኮርቻ

የልጅ ልጄ ዮናስ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው መኪና፣ ቡሬ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፣ ፍኖተ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን መንገድ ላይ ቆመ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ መኪና ነው፤ አፍንጫው ላይ የብር ጌጥ ተደርጎለታል። ዮናስ የመኪናውን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በእኛ ጊዜ እንደዚያ የሚጠራው የደጃዝማች ስም ነበር። ከከተማ አንድ መካኒክ በባጃጅ ተጠርቶ መጣና ክዳኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ትንሽ ነካክቶ አንዲት ዕቃ ነቀለና ወደ ፀሐይ አዙሮ አያት። «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ የታክሲዎቹ ናት። ያውላት ማህተሟ» አለ። ዮናስ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ዕቃዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፋብሪካውን ርካሽ መኪና የሚሠሩት ሰዎች ገዝተውታል ይባላል፣ እምዬ። ግን ስሙ ያው ነው። ምልክቱም ያው ነው። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ። እኔም «ስሙስ ያው ነው፤ ሰውየውስ የት ሄደ?» አልኩት። «የቱ ሰውዬ?» ብሎ ሳቀ። መካኒኩም አብሮት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዕቃዋ ከአንድ ባለ ታክሲ ተገኝታ ተገጠመችና ለምሳ ቤታችን ገባን።

ሰውየው ያልኩት አባቴን ነበር። አባቴ አያሌው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ይህች ከተማ ፍኖተ ሰላም ከመባሏ በፊት፣ ወጀት በምንላት ጊዜ፣ ከገበያው በላይ ከዋርካው ሥር ነበር ቤታችን። የዛሬ ልጆች መኪና አይተው ባለመኪናውን እንደሚመዝኑት፣ ያን ጊዜ ሰው የሚመዘነው በበቅሎው ነበር። በቅሎም ብቻዋን አትበቃም፤ ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ አንገቷ ላይ ያለው ቃጭል ሁሉ ይታያል። ጥቁር በርኖስ የደረበ ባላባት በሰጋር በቅሎ ገበያውን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ጨው የሚሸጡት አሞሌያቸውን ሰብስበው መንገድ ይለቁለታል። የሴቶቹ ዓይን ግን ሰውየው ላይ አይደለም፤ ከእግሩ ሥር ባለው ቆዳ ላይ ነው። ቀይ ጠርዝ፣ ቢጫ ጥልፍ፣ እንደ ተልባ ፍሬ የደቀቀ ስፌት። የአባቴ ኮርቻ የአንድ ጥሩ የእርሻ በሬ ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ያም ሆኖ ደንበኛው ከዳሞትም ከአገውም ይመጣል። ሙያተኛ በአገራችን ሲፈለግ «ጌታዬ» ይባላል፣ ዞር ሲል ይታማል። አባቴንም ያሙት ነበር፤ ይህን ደብቄ የማወራው ወሬ ጣዕም የለውም። እሱ ግን «ሐሜቱን በቅሎዋ አትሰማውም» ይልና ስፌቱን ይቀጥላል።

አሠራሩ ሰውን ያናድድ ነበር። ኮርቻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በቅሎውን ይዞ ይመጣል። አባቴ ከሰውየው ጋር ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ ጀርባዋን በሁለት እጁ ይዳስሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ዕውር። ከዋንዛ እንጨት አጥንቱን ይጠርባል፣ ቆዳውን ያለብሳል፣ ጭዱን ይሞላል፤ የግራውን ጎን ግን ሳይዘጋ ክፍቱን ይተወዋል። እንደዚያ ክፍቱን ጭኖ ሰውየውን ይልከዋል። ሰባት ቀን። በሰባተኛው ቀን በቅሎዋ ላብ እንዳላት ትመለሳለች፤ አባቴ ኮርቻውን አውርዶ ጀርባዋን ያያል። ላቡ ሁሉንም እኩል ካራሰው ደግ ነው። ላብ ያልነካው ደረቅ ቦታ ካለ ግን ኮርቻው እዚያ ላይ ይጫናል ማለት ነው፤ ጭዱን ያወጣል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ሰባት ቀን ይልካል። አንድ ፊታውራሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው መረራቸውና «አንተ ሰው፣ እኔ ነኝ የምቀመጥበት ወይስ አንተ?» ብለው ቢቆጡ፣ አባቴ ከወገቡ ዝቅ ብሎ «ጌታዬ፣ እርሰዎማ ቢጎረብጠዎት አፍ አለዎት፤ እሷን ማን ይናገርላታል?» አላቸው። ፊታውራሪው ስቀው ሄዱ፤ በአራተኛውም ጊዜ መጡ።

ሁሉም ደኅና ሲሆን አባቴ «እንግዲህ እርግቧ ትርገጥበት» ይለኛል። ያ የእኔ ሥራ ነበር። ልጅ ሆኜ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎኝ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ፣ እጄ ቀጭን ነው ብሎ ምልክቱን ለእኔ ተወልኝ። ክፍቱ ጎን ከተዘጋ በኋላ ስፌቱ ጫፍ ላይ በቀይ ሐር ክር የእርግብ እግር እሰፋለሁ፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ። የአባቴም አባት ይህንኑ ነበር የሚሰፋው። አገር ያቺን እርግብ ያውቃታል። ነጋዴዎች ከቅፍለት ጋር ሲሄዱ የሚያዜሟት ግጥም ነበረች፦

የአያሌው ኮርቻ ያለህ ሰው አትስጋ፣
ተኝተህ ብትሄድ ያደርስሃል ካልጋ።

ግጥም ብቻ አልነበረም። ሌላ ኮርቻ ያለው መንገደኛ በየማረፊያው ያወርዳል፣ የበቅሎውን ጀርባ ያያል፣ ያሻል። እርግቧ ያለችበት ግን ጠፍሩን ላላ አድርጎ በቅሎውን ከእነ ኮርቻው ያግጣታል። የአያሌው ኮርቻ ወርዶ አይታይም፤ ታይቶ ነው የወጣው። ይህ በእኛ አገር የታወቀ ነበር። አሁን ሳስበው ምልክቷ ክሩ ላይ አልነበረችም፣ ሰባቱ ቀን ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ እኔ እንኳን አላውቅም። ዛሬ ዱርቤቴ ገበያ ብትሄዱ የፋብሪካውን ጋቢ ሁሉ «የእጅ ነው» እያሉ ይሸጡላችኋል። አንገታችሁ ላይ ሲሻክራችሁ ነው እውነቱን የምታገኙት።

ከዚያ ጣሊያን መጣና ቡሬ ላይ ሰፈረ። መቼ ገባ፣ ስንት ክረምት ቆየ፣ የሚለውን የተማሩ ሰዎች ጽፈውታል። እኔ የማስታውሰው የቤንዚን ሽታ ገበያ ውስጥ መግባቱን፣ አቡጀዲ መርከሱን፣ ሰው የወረቀት ገንዘብ አልቀበልም እያለ ብር በጨርቅ ቋጥሮ መቅበሩን ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ አንድ ማለዳ ጭድ ላምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ በሳምንቱ ወንበርማ ቆላ ከአርበኞቹ ጋር መሆኑን ሰማን። አባቴ የደምሴን መርፌ ከቆዳው ነቅሎ ማተቡ ላይ ሰካት። በዚያው ክረምት ቁርጥማት እጁን ያዘውና ጣቶቹ አብጠው አልታጠፍ አሉ። ሥራ ቆመ። ሽሮውም ቀጠነ።

እንዲህ ባለንበት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ካሴ መጣ። ካሴ የቡሬ ነጋዴ ነው፤ የደምሴ የክርስትና አባት በመሆኑ ከአባቴ ጋር «አበልጄ» ይባባላሉ። ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደምሴን ከልቡ ይወደው ነበር። ለጣሊያን ጦር ኮርቻ የማቅረብ ሥራ ይዞ ቡሬ ላይ ትልቅ አዳራሽ ሠርቷል፤ ውስጡ ሃያ ሰው ተደርድሮ ይሰፋል። እንጨቱ በአንድ ልክ ይቆረጣል፣ ቆዳው በአንድ ልክ ይቀደዳል፣ ማታ ላይ የኮርቻ ክምር ይሆናል።

«አበልጄ፣» አለ ካሴ መደቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ያንተ እጅ አልታዘዝ ብሎሃል። እኔ ዘንድ ደግሞ ሃያ ሰው አለ፤ ስም ግን የለም።»

«ሃያ ሰው ካለህ ስም ምን ያደርግልሃል?» አለ አባቴ።

«የጣሊያኑ ሹምባሾች እየገለበጡ ያያሉ። እርግቧ የለችበትም ብለው ይጥሉታል። ወርውረው እኮ ነው የሚጥሉት! ቆዳውም ያንተው ቆዳ ነው፣ ከአንድ ፋቂ ነው የምንገዛው። መስፋቱን ተወው፤ እርግቧን ብቻ ስጠኝ።»

«በቅሎዎቹን ሳላይ?»

«ሦስት መቶ በቅሎ እንዴት አድርገህ ታያለህ?»

«እንግዲያ ሦስት መቶ ጊዜ በሐሰት ማል እያልከኝ ነው» አለ አባቴ።

ካሴ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «የደምሴ ነገር ቡሬ ተሰምቷል። ልጁ የሸፈተበት ቤት ሁሉ እየተጻፈ ነው። እኔ አንድ ቤት ማስቀረት አያቅተኝም፤ በባዶ እጄ ግን ምን ብዬ?»

አባቴ ያበጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አያቸው። «አበልጄ፣ ቤቱ የሣር ቤት ነው፤ ቢያቃጥሉት ሣር አይጠፋም። ይችን ግን ከአባቴ ነው የተቀበልኳት። በደኅና ግባ» አለው። ካሴ ደጁ ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ከወንዝ ማዶ ልጃቸው የሸፈተባቸውን የአንድ ሽማግሌ ቤት አቃጠሉ። ሽማግሌውን እጃቸውን የኋሊት አስረው በገበያው መሐል ሲወስዷቸው ዋርካው ሥር ቆሜ አየሁ። ነጠላቸው መሬት ይጎተት ነበር፣ የሚያነሳላቸው ጠፋ። በማግስቱ የቡሬ ገበያ ነበር። ፈትል ልሸጥ ነው ብዬ ሄድኩና በቀጥታ ካሴ አዳራሽ ገባሁ። «እርግቧን የምሰፋት እኔ ነኝ፤ አባቴ እንዳይሰማ» አልኩት። ካሴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆዳ እያሸከመ ይልክልኛል፤ እኔ ቤቴ ተቀምጬ እርግቧን እሰፋበታለሁ፤ የእሱ ሰዎች ኮርቻው ላይ ይለጥፉታል። ውላችን ይህ ነበር። የአባቴ ቤት ሳይጻፍ ቀረ።

ምን ብዬ ራሴን እንዳሳመንኩ ልናገር፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ኮርቻው የሚሄደው ለጠላት ነው፤ ቢጎረብጥ፣ የሹምባሹ በቅሎ ጀርባዋ ቢላጥ፣ እሰየው ነው እል ነበር። እንዲያውም እየሰፋሁ የምስቅበት ጊዜ ነበር። አባቴ አንድ ቀን «ይህ ለማን ነው?» አለኝ። «ለቡሬ ሰዎች ነው፣ የቀበቶ ጥልፍ» አልኩት። ቁራጩን ሊያይ እጁን ዘረጋና ጣቱ አልታጠፍ ሲለው መልሶ ሰበሰበው። ያኔ ተነስቼ እግሩ ላይ ብወድቅ ምን ነበረበት! አልወደቅሁም። የዘነጋሁትም ነገር አለ። የጦር ዕቃ ከአንድ እጅ ላይ አይቀመጥም። ለጠላት የሰፉት ሁሉ ተማርኮ የወገን ይሆናል።

አርበኞቹ በቡሬ መንገድ ላይ አንድ ቅፍለት መትተው በቅሎዎቹን ማረኩ። ደምሴ ከምርኮው መሐል ባለ እርግቡን ኮርቻ አገኘ። አስናቀ የሚባል ጓደኛው ነበረው፣ በኋላ የነገረን እሱ ነው። ደምሴ እርግቧን ሲያያት ተንበርክኮ ሳማት፤ «አባቴ መንገድ ላይ ጠበቀኝ» አለ። የራሱን አሮጌ ኮርቻ ለጓደኛው ሰጠና ይህን ጫነ። ከዚያ ጥይት ለሽንዲ ወገን እንዲያደርሱ ሁለቱ ተላኩ፤ ጠላት ከኋላቸው ነበር። በየማረፊያው አስናቀ ያወርዳል፣ የበቅሎውን ጀርባ ያያል። ደምሴን «አንተም አውርደህ እያት እንጅ» ሲለው፣ ደምሴ ጠፍሩን ላላ ያደርግና «የአባቴ ኮርቻ ነው፤ ታይቶ ነው የወጣ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከፈጠም ወንዝ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ የደምሴ በቅሎ ተንበረከከች። ቢመቷት አልነሣም አለች። ኮርቻውን ሲያነሡት የጀርባዋ ቆዳ አብሮ ተነሣ። ጥይቱን በአስናቀ በቅሎ ላይ ጫኑትና ደምሴ «አንተ ሂድ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አቆያቸዋለሁ» አለው። አቆያቸው። ጥይቱ ሽንዲ ደረሰ። ደምሴ እዚያው ዳገት ሥር ቀረ።

አስናቀ የለቅሶው ሰሞን ቤታችን ሲመጣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ሽማግሌዎቹና ቄሶቹ ከአባቴ ጋር በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላ ወገን። ወደ ዳገቱ ተመልሶ ያነሣውን ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ ገባና አባቴ እግር ሥር አስቀመጠው። ደሙ ደርቆበታል። የሆነውን ሁሉ ከላይ እንዳልኩት ቆሞ ተናገረ።

«አባባ አያሌው፣» አለ በመጨረሻ፣ «ቡሬ ላይ እርግቧን አስመስሎ ለጠላት የሚሰፋ እጅ አለ ይባላል። ይህ የእርሰዎ ነው ወይስ የዚያ? የእርሰዎ ካልሆነ ማን እንደሰፋው ይንገሩን። ያንን እጅ እኛ እናገኘዋለን፤ ደምሴን የገደለ ባንዳ ከሰኞ አያልፍም።»

አባቴ ኮርቻውን በሁለት መዳፉ ገለበጠው። ውስጡን ዳሰሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አንድ ጊዜ ቢዳስሰው ይበቃው ነበር፤ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ አውቋል። ከዚያ እርግቧን አያት። የኋላ ጣቷን ስሰፋ እጄ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስንት ጊዜ «አቅኚው» ብሎኝ ያልተወኝ አመል ነው። አውራ ጣቱን እዚያች ጣት ላይ አሳርፎ ቆየ። ቀና ብሎ ሴቶቹ መሐል ፈለገኝና ዓይናችን ተገናኘ። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን «ያችውላችሁ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢለኝም አልፈርድበትም ነበር።

«የኔ ነው» አለ አባቴ።

አስናቀ «የእርሰዎ?» አለ።

«የኔ ነው። ለአንድ ነጋዴ የሸጥኩት ነው፤ ጠላት ዘርፎት ይሆናል። እጄን ታምሜ ነበር። በቅሎዋን ሳላይ ዘጋሁት። ቸኮልኩ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ቄስ ማማተብ ጀመሩ። አስናቀ እጅ ነስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው ደጃችን ላይ በቅሎ አስሮ አያውቅም። የጥንቶቹን እንኳን፣ በእውነት የእሱ የሆኑትን፣ ሰው እርግቧን በቢላ እየፋቀ ሸጣቸው። ግጥሟም ተገልብጣ በእሱ ላይ ተገጠመች፤ እዚህ አልጽፋትም። የክርስትና ልጁን ያጣው ካሴ ሥራውን ትቶ ገዳም ገባ ሲሉ ሰማን። ጣሊያን ወጣ፣ ከተማዋ አዲስ ስም ወጣላት፣ ሰው ጨፈረ። አባቴ በበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን በቅሎዎች ጀርባ ያይ ነበር፤ የሰውን ፊት ማየት ትቷል።

ሊሞት ሰሞን፣ በእኛ ወግ ይቅርታ እንደሚጠየቀው፣ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ አልጋው ሥር ተደፋሁ። እሱም በእነዚያ በማይታጠፉት እጆቹ ድንጋዩን ሊያወርድልኝ ታገለ፤ አልሆንለት ሲል እጁን ከላዩ ላይ ጣለው።

«አውርጅው» አለኝ። «ካሴ እርግቧን ቢለምነኝ ነሳሁት። ለአንች ግን ሰጠሁሽ። የሰጡትን ነገር አይቆጩበትም።»

እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ተቆጭቻለሁ። በሕይወት እያለ ብናገር እኔንም ያጣል ብዬ ፈራሁ፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለልጆቼ ፈራሁ፤ ልጆቼ ካደጉ በኋላ የምፈራው ቢጠፋ ዝምታውን ለመድኩት። ዛሬ ዘጠና ልሞላ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ አንባቢ ይፍረድብኝ። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም «የአያሌው ኮርቻ ልጁን በላ» የሚሉ ሽማግሌዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ነበሩ፤ ከአባታቸው የሰሙ ልጆቻቸው ደግሞ ዛሬም አሉ። እነሱ ይስሙኝ። ፈጠም ዳገት ላይ ወንድሜን ያስቀረው ኮርቻ የአባቴ አይደለም። እርግቧን የሰፋሁት እኔ የውብዳር ነኝ። አባቴ አያሌው በዕድሜው ሙሉ አንድም ቀን ቸኩሎ አያውቅም።